የአባዬ ቅጽ፣ ጥያቄ ሰባት

ጥር 9፣ ሐሙስ

ዝናብ። ፍራሼን አጠፍኩ። ሳሎን ስለምተኛ አባዬ ሻይ ሊጥድ ሲሄድ ተሻግሮኝ ነው የሚያልፈው። ትምህርት የለም... ማለቴ አለ፣ እኔ ነኝ የሌለሁት። ፈተናዬን ቀድጄ ሒሳብ አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ከበተንኩ አራት ወር ሞላ።

ከሰዓት ሁለት ፖስታ መጣ። አንዱ ከዚያ ነው፣ አባዬ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ሲጠግን ከኖረበት አገር፣ ከጡረታ ክፍል። ሌላው ከዚህ፣ ከግብር ቢሮ። የዚያኛው «ከጡረታዎ ላይ ግብር ቆርጠናል» ይላል። የዚህኛው «ከውጭ ለሚያገኙት ጡረታ ግብር ይክፈሉ»።

«ያለኝ አንድ ጡረታ ነው አይደል?» አለ አባዬ።

«አንድ።»

«ታዲያ ስንቴ ነው የሚበሉት?»

እኔ ምን አውቄ?

ጥር 11፣ ቅዳሜ

ጋሽ ገባኝ መጡ። የታች ፎቅ ጎረቤታችን። የማይገባቸው ነገር ስለሌለ ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አይተው «ገባኝ» አሉ። ገልብጠው እንደያዙት!

«ሁለቱንም ዝም በላቸው» አሉት አባዬን። «እርስ በርስ ይጨራረሱ።»

አባዬ ሊስማማ ምንም አልቀረው።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ግብር ቢሮ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ። ከዚያ አንዷ አስረዳችኝ፣ ግማሹ ገባኝ መሰለኝ። አባዬ ቅጽ ሞልቶ እዚህ ነዋሪ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከእነሱ ያወጣል። ወረቀቱ ወደዚያ ይላካል። ያኔ እዚያ መቁረጥ ያቆማሉ፣ እዚህ ብቻ ይከፈላል። እስከ የካቲት ሃያ ካልደረሰ ግን ዓመቱን ሙሉ ሁለቱም ጋ ይከፈላል።

ሁለቱም ጋ ከሆነ የቤት ኪራዩ አይሞላም። ይሄ ለማንም ግልጽ ነው።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ቅጹን ሞላን። እኔ አነባለሁ፣ አባዬ ይመልሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። እስከ ጥያቄ ስድስት ሰላም ነበር። ጥያቄ ሰባት፦ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ልጅ አለ? አለ። ተማሪ ነች? አይደለችም?

«አይደለችም» ላይ ምልክት ላደርግ ስል እጄን ያዘኝ።

«ነች በይ።»

«አባዬ፣ አይደለሁም እኮ።»

«ልጅ ተማሪ ከሆነ ግብር ይቀንሳል ይላል አይደል? በይ አድርጊ።»

«ውሸት ነው።»

«የት ዋልሽ ስልሽ ለእኔ ስትዋሺ አይከብድሽም፣ ለመንግሥት ሲሆን ጻድቅ ሆንሽ?»

ሳቄ መጣ። ደሜም ፈላ። አደረግኩት።

ጥር 29፣ ረቡዕ

ያው! «የልጅዎን የትምህርት ቤት ማስረጃ በአሥር ቀን ውስጥ ያቅርቡ።» እሱ ካልቀረበ የነዋሪነቱ ወረቀት አይወጣም።

አባዬ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። ምኑን?

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ኮቱን ለብሶ ገባ። አባዬ ኮት ለብሶ!

«የት ሄደህ ነው?»

«ትምህርት ቤትሽ።»

ማስረጃ ሊለምን። ዳይሬክተሩ «ተመልሳ ከተመዘገበች ዛሬውኑ እንጽፍልዎታለን» አለው። ይኼ ሰውዬ እኮ ነው «አንቺ ተምረሽ የት ልትደርሺ» ያለኝ። እሱ ፊት አባቴ ኮት ለብሶ...

ጮህኩ። ብዙ አልኩ። «ለግብር ብለህ ሸጥከኝ» ሁሉ ብያለሁ። ሰሃኑ እንዴት እንደተሰበረ አላውቅም። እሺ፣ እኔ ነኝ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ብቻዬን ግብር ቢሮ ሄድኩ። መስኮት አራት፣ ፀጉሯ ላይ እርሳስ የሰካች ሴትዮ።

«ልጅየዋ ተማሪ ባትሆን ግብሩ ስንት ይጨምራል?» አልኳት።

የሒሳብ ማሽኗን መታች መታችና አሳየችኝ።

«በወር?»

«በዓመት።»

አንድ ጥንድ ካልሲ አይገዛም! ለዚህ ነው እንዴ ቤቱ የታመሰው?

ፋይሉን እያየች «አባትሽ ናቸው?» አለችኝ። «ሰኞ መጥተው ይህንኑ ነገርኳቸው እኮ። ጥያቄ ሰባትን አስተካክለው ቢያመጡ እዚሁ ማህተም መትቼ እሰጣቸዋለሁ።»

ሰኞ? ትምህርት ቤት የሄደው ማክሰኞ ነው። ምንም እንደማይጠቅም አውቆ ነው የሄደው? ታዲያ ለምን? አዲስ ቅጽ ተቀበልኩና ወጣሁ። አውቶቡስ ሁለቴ አለፈኝ፣ እያየሁት።

የካቲት 8፣ ዓርብ

አባዬ ድንች ይልጣል። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ለግብሩ አልነበረም አይደል?»

መላጡን አላቆመም። «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ቅጽ ሞላሁልሽ። ተማሪ፣ ተማሪ፣ ተማሪ... እጄ ለምዶ ነው።»

ወንበር ሳብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አልመለስም አባዬ። አሁን አልመለስም።»

«ሰምቻለሁ።»

እጁን ጠረገ። እስክሪብቶውን ወስዶ «አይደለችም» ላይ ራሱ ምልክት አደረገ። ቀስ ብሎ፣ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ካልሆነች ምን ላይ ነች? ሥራ ላይ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ሌላ።

«ሌላ ማለት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ገና አልታወቀም ማለት መሰለኝ።»

«እውነቱ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

እስክሪብቶውን መለሰልኝ። «እንግዲያው እሱን አድርጊ።»

አደረግኩ። ፈረመ። ነገ ቅዳሜ ቢሆንም እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ፤ ጠዋት መስኮት አራት አብረን እንሄዳለን። ኮቱን አውጥቶ ወንበር ላይ ሰቅሎታል። አቧራውን አራገፍኩለት።