ብቻዬን የገባሁበት ዘፈን

ውድ ወንድም ጋሼ ሌአርኮ፣ እንደምን ከርመሃል? ደረትህስ? የከሰል ማዕድኑ አቧራ አሁንም ያስልሃል ወይ? ዲልቫ ጤናዋ እንዴት ነው? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች? እማማ ይህን ሁሉ ሳልጠይቅ ወሬ እንዳልጀምር አጠገቤ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እኛ ደህና ነን። አባባ ብቻ ከወይን ለቀማው ወዲህ ወገቡን ያመዋል፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ ያለውን ሰው ሁሉ ግን ይቆጣል።

የምነግርህን ነገር ከሬዲዮ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ከባንዱ ወጥቻለሁ። አንተ ወደ ቤልጅግ ስትሄድ ባንድህን «ፋኖሶች»ን ለከበሮ መቺው ለጓልቲየሮና ለእኔ አደራ ብለህ ነው የሄድከው፤ አሁን አደራ በላ ትለኛለህ ብዬ ፈርቻለሁ። በየዳንስ አዳራሹ ፖልካና ማዙርካ ስንጫወት ኖረን፣ ባለፈው በጋ አንድ የሚላኖ ሸክላ አሳታሚ መጥቶ ሰማን። የምፈልገው ድምጿን ነው፣ ከበሮና አኮርዲዮንማ ሚላኖም ሞልቷል አለ። ሰውየው ይህን ያለው፣ ጓልቲየሮ ከበሮውን ሲሸፍን፣ እዚያው ፊቱ ቆሞ ነው። ጓልቲየሮም «ካልሄድሽ አስሬ እወስድሻለሁ» ብሎ ቀለደብኝ፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረኝም።

ሄድኩ። ኦርኬስትራው ለካ የራሱን ድርሻ ቀድሞ ቀርጾ ጨርሷል። እኔን መስታወት ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፉና ዝፈኚ አሉኝ። ጋሼ፣ አቃተኝ። መግቢያዬ ላይ ስደርስ ወይ እቀድማለሁ ወይ እዘገያለሁ። ያን ዕለት ነው ነገሩ የገባኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዘፈኑ ውስጥ የምገባው ጓልቲየሮ አገጩን ቀና ሲያደርግልኝ እያየሁ ነበር። እዚያ የማየው ሰው የለም። አሳታሚው እስከ ዓርብ ካልሆነልሽ ሌላ ልጅ አስገባለሁ አለኝ።

እያፈርኩ ለጓልቲየሮ ስልክ ደወልኩ። በማግስቱ የስኳር ፋብሪካውን ቱታ እንደለበሰ ከባቡር ወረደ። መስታወቱ ማዶ ቆሞ አገጩን ቀና አደረገልኝ፤ ገባሁ። በሁለተኛውም ገባሁ። በሦስተኛው ግን መግቢያዬ ሲቃረብ ባየው ጀርባውን ሰጥቶኛል። ደነገጥኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ በንዴቴም ውስጥ ልክ በቦታው ገባሁ። የሚታተመው ያ ሦስተኛው ነው።

ስወጣ ልታዋርደኝ ነው ወይ የመጣኸው ብዬ ጮህኩበት።

«ሕዝብ ፊት ስትቆሚ እኔ የለሁም፣ ኒቬስ» አለኝ። «እዚህ ብትለምጂው ይሻላል ብዬ ነው።»

ባቡሩን ስሸኝ ጣቢያው ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እሱ እንደሆነ በመስኮት እያየ ይስቅብኝ ነበር፤ ታውቀው የለ።

ፋኖሶች አዲስ ዘፋኝ አግኝተዋል። ኢቮኔ ትባላለች፣ የኮቲኞላ ልጅ ናት። ባለፈው እሁድ ከእማማ ጋር ዳንስ አዳራሹ ሄጄ፣ ልጆቻቸውን ከሚጠብቁት እናቶች መሃል ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጓልቲየሮ አገጩን ቀና ሲያደርግላት ቅናት አንገበገበኝ፤ አልዋሽህም። እማማ አይታኝ ኖሮ እጄን ይዛ አስነሳችኝ፣ ዋልሱንም አብረን ጨፈርን። ጋሼ፣ ያ ባንድ አገሩን ሁሉ ሲያስጨፍር እኔ ከመድረኩ ወርጄ አንድም ቀን ጨፍሬበት አላውቅም ነበር። እንዴት ጥሩ ይጫወታሉ! ባንድህ አልፈረሰም፤ የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሸክላው ሲደርስህ ሽፋኑ ላይ የእኔን ስም ብቻ ስታይ አትቀየመኝ፤ መርቀኝ።

ዲልቫን ሳምልኝ፣ ትንሿንም ጉንጯን። አባባ አንገትህን በሻርፕ ሸፍን ይልሃል። እማማ ስምህን እየጠራች ትስምሃለች። ጓልቲየሮም ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ኒቬስ
ሉጎ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1965