ስሟ ያልተጻፈበት ሸክላ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጃስዋንት፤

እንደምን ከረምክ? የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እቴ ሳሮጅስ እንደምን ናት? ኬታንና ቢና አደጉ? ባሕር ማዶ ላለ ሰው ከጤናው ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም ይባላል፤ እኔ ግን ዛሬ ሌላም የምጠይቅህ አለኝ። መጀመሪያ ደኅንነትህን ልስማ።

እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል። ባለቤቴ ራቲላል ከጨርቅ መደብሩ አይወጣም። አማቴም ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም። የአባታችን ሙት ዓመት ባለፈው ወር ተዘከረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ያንተ ቦታ ብቻ ጎደለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የጾሙ ወር ስለሆነ ሲኒማ ቤቱ እንደ ልማዱ የአማልክት ፊልም አመጣ፤ ባሏን የወሰደባትን የሞት አምላክ በእግሯ ስለተከተለችው ሚስት የሚተርከውን፣ ያንን የድሮውን። አክስታችን ዲዋሊ ካልወሰድሽኝ ብላ ስለያዘችኝ ሰኞ ከቀትር በኋላ ይዣት ሄድኩ። ዓይኗ እንደጠፋ ታውቃለህ፤ ምን ልታዪ ነው ብላት «ለማየት ማን ሄደ? ለመስማት ነው እንጂ» አለችኝ። መቅደስ እንደሚገባ ሰው ጫማችንን ደጅ አውልቀን ገባን። ሴቱ ሁሉ አበባና ኮኮናት ይዟል። የሞት አምላክ ብቅ ሲል አንዲት ሴት ከኋላዬ «አንተ ቦርጫም! ባሏን መልስላት!» ብላ ጮኸችበትና ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ታውቀዋለህ፤ የሰፈራችን መቅደስ ንጋት ላይ በድምፅ ማጉያ የሚለቀው እሱን ነው። ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዴት እንደተሠራ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ከበሮው የአምላኩ እርምጃ ነው፤ እየፈጠነ ይሄዳል። እሷ አትቸኩልም፣ አትለምንም። እንደ መንገድ ጓደኛ ታጫውተዋለች፤ ስለ ጥላው፣ ስለ እሾሁ፣ ቤቱ ማን እንደሚጠብቀው ትጠይቀዋለች። የዛሬዎቹ ዘፋኞች ሐዘን ሲባሉ ድምፃቸውን ያንቀጠቅጣሉ። ይህቺ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ አንጀት የሚበላውም ለዚህ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ማንም አላስተካከለውም፤ እንዳለ ቀርቷል። ሰዉ ሁሉ ቅድስቲቱን ሚስት መንገዱ አድክሟት ነው ይላል።

እዚያ ቦታ ላይ አክስታችን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «መንገዱ አይደለም ያደከማት፤ አንቺ ነሽ። የሰባት ወር ሆነሽ ሆዷ ውስጥ ነበርሽ» አለችኝ። ጃጀች ብዬ ዓይኔን ወደ ፊልሙ መለስኩ። ወጥተን ጫማዋን ሳጠልቅላት ሁሉንም ነገረችኝ። ቦምቤይ ሳላችሁ፣ ከምድር ቤት ይኖር የነበረው ሃርሞኒየም ተጫዋች ዘፋኟ ስትታመምበት እናታችንን ይህን ዘፈን እንድትዘፍንለት ለአንድ ቀን ለምኖ ወሰዳት። ሸክላው ሲወጣ፣ በዚያ ዘመን እንደሚደረገው፣ የዘፈነችው ሴት ስም ሳይሆን የቅድስቲቱ ስም ተጻፈበት። አባታችንም ይኼን እንደ ምሕረት ቆጠሩት። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ እናታችን ስትሞት «የዘፋኝ ልጅ ማን ያገባል?» ብለው አክስታችንን አስማሏት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበርከውን አንተንም እጅህን በእኔ ራስ ላይ አስጭነው አስማሉህ። ብትናገር እኔ እንድሞት።

ወንድም ጋሼ፣ አሁን ገባኝ። መቅደሱ ያንን ዘፈን ሲለቅ ጆሮህን ይዘህ ወደ ኩሬው ትሮጥ ነበር። ሰፈሩ «አምላክ የለሹ» ሲልህ እኔም አብሬ ስቄብሃለሁ። ይቅር በለኝ። ግን ልደብቅህ አልችልም፣ ተቀይሜሃለሁም። በየማለዳው እጄን አጣምሬ ድምፁን ስሳለም «እናቴን በሕልሜም ቢሆን አሰሚኝ» ብዬ የምለምነው እሷኑ ነበር። አንተ ወደ ኩሬው ከመሮጥህ በፊት ታየኝ ነበር።

ከሰኞ ወዲህ ቤቴ ቤቴ አልመስል ብሎኛል። ንጋት ላይ ድምፁ ሲጀምር የያዝኩት ዕቃ ከእጄ ይወድቃል። ከመቅደሱ እንደሚመጣ እያወቅሁ ወደ በሩ እዞራለሁ። ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ የእኔም ትንፋሽ ይያዛል፤ እስክትቀጥል ድረስ አልተነፍስም። አማቴ አጠገቤ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዱላታል። በሕይወት ኖራ ብትመጣባቸው ደጃቸውን አያስረግጧትም ነበር። አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል፤ ከዚያ እፈራለሁ።

ትናንት ሸክላውን ለማየት መቅደስ ሄጄ ነበር። ጠባቂው በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ልንካው ስለው «መጀመሪያ ታጠቢ፤ ዝም ተብሎ አይነካም» ብሎ ተቆጣኝ። ታጥቤ ተመለስኩ። ጣቴን በመስመሮቹ ላይ ቀስ አድርጌ አሳለፍኩ። ፎቶግራፍ የለን፣ ልብስ የለን፤ ከእናታችን የነካሁት ያንን ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት አክስታችንን እንዴት ትጠራኝ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። «ኢንዱማቲ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ስም የምታወጣው የአባት እኅት ናት። እናትሽ ግን አንድ ቀንም በሱ አልጠራችሽም። የራሷ ነበራት። እኔን ጠፋኝ፤ ጃስዋንት አይረሳውም» አለችኝ።

በራሴ ላይ የማልከውን መሐላ እኔው ፈትቼልሃለሁ። እጅህ ያረፈበት ራስ የእኔ ነው፤ የሚመጣ ካለም በእኔ ይምጣ። እናታችን ከምትጠራኝ ስም ሌላ ማስረጃ አልፈልግም፤ ዘፈኑም የሁሉም ይሁን።

እቴ ሳሮጅን በእኔ ስም እቀፋት። ኬታንን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ፤ ቢናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችን በሁለት እጇ መርቃሃለች። ራቲላል ሰላም ይልሃል፤ አማቴም እንዲሁ።

መልስህን ስትልክ ፖስታው ላይ ኢንዱማቲ ብለህ ጻፍ። ውስጡን ግን እሷ ባወጣችልኝ ስም ጀምርልኝ።

እኅትህ
ናዲያድ፣ ኦገስት 16 ቀን 1968