አሰላ የገባው ባቡር

ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬ ባሌ የሠራውን መጫወቻ ባቡር ልጥለው ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሰርዲን ጣሳና ከሽቦ ሲሠራው ከርሞ፣ ጠዋት ሐዲዱን ስንዴ የማሰጣበት ሰሌን ላይ ዘርግቶት አገኘሁት።

«ሃያ ስምንት ዓመት ድሬዳዋ ባቡር ስትጠግን እኔ እዚህ ብቻዬን ልጆች አሳደግኩ። ደግሞ እቤቴ ድረስ ይዘኸው መጣህ?» አልኩት።

«ይኼኛው ጭስ የለውም» አለኝ።

ሳቄን ዋጥኩት። ጆንያ ይዤ ልሰበስበው ስጠጋ ከኪሱ ትንንሽ ካርቶኖች አወጣ። የጣቢያዎቹን ስም እንድጽፍለት ፈለገ።

«የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ያለሽ አንቺ ነሽ» አለ።

ጆንያውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ድሬዳዋን ጻፍኩ፣ አዋሽን ጻፍኩ፣ ናዝሬትን ጻፍኩ። ያለቀ መስሎኝ እስክሪብቶውን ስመልስለት «አሰላ» አለ።

«አሰላ ባቡር መጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። አንቺ ግን ጻፊው።»

ፊደሎቹን አሳምሬ ጻፍኳቸው። ካርቶኑን እግሬ ሥር አቆመና ባቡሩን በጣቱ ገፋው። ዓይኔን ስጨፍን ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ በደረሰው ስንዴ መካከል ቀስ እያለ ሲመጣ ታየኝ። እኔም ወጣት ሆኜ፣ አዲስ ነጠላ ለብሼ ጣቢያው ላይ ቆሜያለሁ። ዓይኔን ስገልጥ ጣሳው እግሬን ነክቶ ቆሟል። ባሌ እንደ ልጅ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ሳቁን ሁሉ እዚያው ድሬዳዋ ጨርሶት የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ስንዴው ሳይሰጣ ዋለ። ስለ ሃያ ስምንቱ ዓመትም ይቅር አላልኩትም። ግን ባቡር ደርሶባቸው የማያውቁትን የአካባቢያችንን ከተሞች፣ ሲሬንና ዲክሲስን፣ በሁለት ካርቶኖች ጽፌ ትራሱ ሥር አስቀመጥኩለት።