በሚስቴ ቤት የሦስት ቀን እንግዳ

ሙዘይራ መንደር፣ ኦማን
ዓርብ፣ ሐምሌ 12፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት

ለውድ ልጄ ለአሲላ፤

የአላህ ሰላም በአንቺና ባለሽበት የዝናብ አገር ላይ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አባዬ፣ እናቴን ይዘህ ካልተመለስክ ትዳራችሁ አብቅቷል ብዬ ነው የምቆጥረው» ብለሻል። እናትሽ ራያ መስቀጥ ያለውን ቤታችንን ትታ ወደ አባቷ የቴምር እርሻ ከገባች ሦስት ወር ማለፉን እኔም አልዘነጋሁትም። ስለዚህ ሄድኩ። የሆነውንም እንደ ቃለ ጉባኤ ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ።

አስቀድሜ፣ በሐምሌ ሐሩር መጓዝ ደስታ ነው ያለ ሰው ካለ ተጠርቶ ቃሉን ይስጥ። የመኪናው ማቀዝቀዣ ተራራው ሥር ሳንደርስ ትኩስ አየር ይተፋብን ጀመር። ሾፌራችን ኸልፋን ደግሞ በየመንደሩ ዘመድ አለው፤ በዘመድ ደጅ ቡና ሳይቀምሱ ማለፍ ነውር ነው። አምስት መንደር፣ አምስት ምንጣፍ፣ አምስት ትሪ ሐብሐብ።

«ኸልፋን፣ ዛሬ እንደርስ ይሆን?» አልኩት።

«ሸኽ ዛሂር፣ በዚህ ፀሐይ የሚቸኩል ዝንብ ብቻ ነው» አለኝ።

በአራተኛው መንደር ከሎሚ ዛፎች ሥር ጫማዬን አውልቄ እግሬን የመስኖ ቦይ ውስጥ ነከርኩ። ውሃው ከተራራው ሆድ ገና መውጣቱ ነበር። በዚያው ውሃ የቀዘቀዘ ማንጎ ላጡልኝ። እዚያ ሳለሁ አንድ ሰዓት አለፈ፤ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ይህን ግን ደስታ ብዬ አልመዘግበውም።

ሰኞ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደረስን። እናትሽ በር ላይ ወጥታ በሙሉ ክብር ተቀበለችኝ፤ የእንግዳ ክፍል አስገብታ ትራስ ደረደረችልኝ።

«እንኳን ደህና መጡ። ወሬ ምን አለ?»

ደንቡ የሚያዘውን መለስኩ፤ «ከደህና በቀር ወሬ የለም።» ቤት ተቃጥሎ እንኳ ቢሆን የእኛ ሰው የመጀመሪያ መልሱ ይኸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ቡናውን ቀዳችልኝና ወጣች።

ልጄ፣ እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው ጉዳዩ እንደማይጠየቅ፣ ሥራም እንደማያነሳ ታውቂያለሽ። እናትሽ የአርባ ዓመት ባሏን እንግዳ አደረገችው! ሠላሳ አንድ ዓመት በዳኝነትና በአስተዳዳሪነት ስሠራ ብዙ ባለጉዳይ በር ላይ አቁሜአለሁ። ሰውን ትራስ ላይ አስቀምጦ ደጅ ማስጠናት እንደሚቻል ግን አላውቅም ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ መንደሩ በሥራ ሲንጋጋ እኔ በመስኮት ተመለከትኩ። ወንዶቹ ወገባቸውን በገመድ አስረው ዛፉ ላይ ይቀላለዳሉ። ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቴምር ይለያሉ፤ ቢጫው ቴምር በትልልቅ የመዳብ ድስቶች ይንተከተካል፤ ማር የመሰለ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። አላስችል ቢለኝ ወጣሁና የወደቀ ፍሬ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። አክስትሽ ዙወይና ከሩቅ ጮኸች፤

«ኧረ ሸኽ፣ ይቀመጡ! እንግዳ ያሠራሉ አስብለው ስማችንን ሊያስጠፉ ነው?»

«ዙወይና፣ እኔ እኮ የእህትሽ ባል ነኝ።»

«በቴምር ለቀማ ጊዜ አይተንዎት ስለማናውቅ ረሳነው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እናትሽ አልሳቀችም። ቀና ብላም አላየችኝ።

ዙወይና እውነቷን ነው። እናትሽ በየዓመቱ «ዘንድሮ ለቴምሩ አብረን እንሂድ» ትለኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ «ሥራ በዝቷል፣ ለከርሞ» እላት ነበር። ዘንድሮ ጡረተኛ ነኝ። ሚያዝያ ላይ ስትጠይቀኝ ግን «ኮሚቴ አለብኝ» አልኳት። በማግስቱ ሻንጣዋን አነሳች። ይህን ከዚህ በፊት ለአንቺ አልነገርኩሽም።

ትናንት ጠዋት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሦስት ቀንዎ ሞልቷል። ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

ንግግሬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። «አሲላ ተጨንቃለች፤ ቤቱም ያለ እመቤት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ስለ አሲላ አልጠየቅሁም፤ ስለ ቤቱም አልጠየቅሁም። የራስዎን ጉዳይ ነው።»

በስንት ሸንጎ ፊት የተናገርኩ ሰው ነኝ። ማለት የነበረብኝን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እሷም ታውቀዋለች። ከአፌ የወጣው ግን «ለቴምሩ ሰው አላነሳችሁም?» የሚል ነበር።

እጆቼን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከብዕር ሌላ ነገር አንስተው አያውቁም።

«አንሶናል» አለች። ተነስታ ባዶ ቅርጫት እግሬ ሥር ወረወረች። «በል ተነስ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ!»

ኸልፋንን ብቻውን መለስኩት። ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ተርብ ሁለት ቦታ ነድፎኛል፤ እናትሽም «ቅርጫት መሙላት አትችልም» እያለች ሦስት ጊዜ አራግፋ አስሞልታኛለች። እንዲህ ያለ ግፍ በሥልጣን ዘመኔ በማንም ላይ አልፈጸምኩም። ቴምሩ መስከረም ላይ ያልቃል ይላሉ። ትመለስ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኋትም፤ አንቺም ለጊዜው አትጠይቂኝ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ግን ወደ መስቀጥ ሳይሆን ወደዚህ ላኪልኝ፤ የሦስት ወር ይሁን።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ፤ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። እናትሽ ከውጭ እየጠራችኝ ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አባትሽ፣
ዛሂር ቢን መሐና