እርጥብ መሬት ላይ የጠወለገ ሽንኩርት

ሰኞ

መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሽንኩርቱ ግን ተኝቷል። ጣቴን እስከ ሥሩ ሰደድኩ፤ ጭቃ ይዞ ወጣ። ታዲያ ምን ጠማው? ባሌ ሰይድ «የሮቢት ፀሐይ ነው» ይላል። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ሽንኩርት ግን በዚያው ፀሐይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህ ከሞተ ለዚህ በጋ ሌላ ችግኝ የለንም።

ማክሰኞ

ቁርስ ላይ ሰይድን አወጣጣሁት። ማዳበሪያውን እጥፍ አድርጎ፣ ያውም ሥሩ አጠገብ ጨምሯል። «ቶሎ እንዲያድግ ብዬ ነዋ» አለኝ።

ከመቆጣት ይልቅ ገረመኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የሴልን ሽፋን ሰሌዳ ላይ ስንቴ ስያለሁ። ውሃ ሽፋኑን አልፎ የሟሟ ነገር ወደበዛበት ይሄዳል። አፈሩ ውስጥ ማዳበሪያ ሲበዛ ውሃው ከሥሩ ይወጣል ማለት ነው። ምግቡን ለማስገባት ደግሞ ሴሉ የተለየ በር አለው፤ ጉልበትም ያወጣበታል። ለውሃ ግን እንዲህ አይደክምም። ይህንኑ ለሰይድ ነገርኩት።

መፍትሔው ማዳበሪያውን አጥቦ የሚወስድ ብዙ ውሃ ነው። የመስኖ ተራችን የሚደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሐሙስ የእትዬ ዘሀራ ነው።

ረቡዕ

ድንች ቆርጬ አንዱን በጨው ውሃ፣ አንዱን በንጹሕ ውሃ አሳድሬ ነበር። ጠዋት ለእትዬ ዘሀራ ይዤላቸው ሄድኩ፤ የማዳበሪያውንም ነገር ነገርኳቸው።

«ሁለቱም ውሃ ውስጥ ነው ያደሩት። እስቲ ይንኩት፣ እትዬ።»

የጨዉ ሲያነሱት ታጠፈ። «ይሄማ አጥንት የለውም» አሉ። ሌላው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ማዳበሪያም እንዲህ ያደርጋል?»

«ከበዛ፣ አዎ።»

የነገውን ውሃ እንዲያካፍሉኝ ለመንኳቸው። የሳቸውም ማሳ ውሃውን ይፈልጋል። በኋላ «ግማሹን ውሰጂ። ሰይድ ግን ቦዩ አጠገብ እንዳይደርስ፤ እጁ ልክ አያውቅም» አሉ።

ሐሙስ

ቦዩን ከፈትኩ። ውሃው መደቡን ሞልቶ በታች ወደ ጢሻው ወጣ። ሰይድ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ሥሩ ከሞተ ውሃው ያበሰብሰዋል ብዬ ሰጋሁ፤ ለእሱ አልነገርኩትም።

ዓርብ

ለውጥ የለም። ሰይድ ጁምዓ ሰግዶ በዚያው እርሻ ሄደ።

ቅዳሜ

የተቃጠለው ቅጠል አልዳነም። በላይኞቹ ረድፎች ግን ከመሃል አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል፤ ስነካው ጠንካራ ነው። ታችኞቹ አሁንም ተኝተዋል። ሰይድ እዚያ ቁጢጥ ብሎ «ውሃው ሲወጣበት ሴሉ በሩን አይዘጋም እንዴ?» አለኝ።

በደንብ አላውቅም አልኩት። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አብሬው አየሁ።