ከአፋፉ የተጣራሁ ዕለት

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጎንደር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ግን እህል መቅመስ ጀምራለች። እኔም ደባርቅ ትምህርቴ ላይ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት እመጣለሁ።

ይህን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ፈተና አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የአያ ላቀው ባለቤት ገበያነሽ ምጥ ጠናባትና እስከ ሆስፒታሉ ለቃሬዛ ሸክም ሰው ተጠራ። የተነሣው ጥቂት ነው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ወንድማችን ምሥጋናው በታመመ ዕለት አያ ላቀው ተጠርተው እምቢ አሉ ተባለ። ተሸካሚ አንሶ ምሥጋናው መንገድ ላይ ካረፈ ወዲህ ቤታቸውን የሚረግጥ የለም። አንቺም በቀብሩ ላይ "ደጃችንን እንዳይረግጡ" ብለሻቸዋል። ከማርያም ማኅበርም አስወጧቸው።

እኔ ግን ሄድኩ። እናታችን በር ላይ ቆማ "የማንን ሚስት ልትሸከም ነው?" አለችኝ። በጎኗ አልፌ ወጣሁ።

አምስት ሆነን ተነሣን። እንደምታውቂው ቃሬዛ ከተነሣ መሬት አናስቀምጠውም፤ ትከሻ የምንቀያየረው እየሄድን ነው። ጎረቤታችን ኪዳኑ ከኋላዬ "ተማሪ፣ ይኼ እስክሪብቶ መሰለህ? ቀና በል እንጂ!" እያለ ያሾፍብኛል። ዳገቱ ላይ ትከሻዬ ሲላጥ አያ ላቀው ጋቢያቸውን አጥፈው ከእንጨቱ ስር አስገቡልኝ። "የምሥጋናው ወንድም፣ እግዜር ጉልበትህን ይባርከው" አሉኝ። ዓይናቸውን ሽሽት አንገቴን ደፋሁ።

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አገኙን። አንድ የማላውቀው ሰው አህያውን ለጓደኛው ትቶ፣ የማን ናት ሳይል፣ እኔን ገፋ አድርጎ በቦታዬ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። እትዬ፣ ምሥጋናው ከሞተ ጀምሮ እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እስከ በሩ ብቻ ነበር። እግዚአብሔርን "የት ነበርክ?" እያልኩ እመለሳለሁ። ያን ቀን በዚያ ቃሬዛ ዙሪያ እንደነበረ አወቅሁ። ጥያቄውም ወደ እኔ ዞረ፤ አንተስ የት ነበርክ?

ገበያነሽ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ነው።

ምሥጋናው የታመመ ዕለት አያ ላቀውን እንድጠራ የተላክሁት እኔ ነኝ። ጉም ነበር። ቤታቸው ከገደሉ ስር ነው፤ ወርዶ መውጣቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከአፋፉ ሆኜ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ፤ የሰማኝ የለም። ከዚያ ተመለስኩ። ሰዎቹ "ምን አሉ?" ብለው ሲጠይቁኝ ምን እንደመለስኩ ሰምተሻል፤ አንቺም አጠገቤ ነበርሽ።

ለአያ ላቀው ሆስፒታሉ በር ላይ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። ከዚያ "እናትህ ታውቃለች?" አሉኝ። "አታውቅም" አልኳቸው። "እንግዲያው ሂድና ለእሷ ንገር" ብለው ጥለውኝ ገቡ።

ነገ ቤት ስገባ እነግራታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ፊት እቆማለሁ፤ እሳቸውን እንዲመልሷቸው እለምናለሁ። እኔን ቢያባርሩኝም ቃሬዛ በተጠራ ቁጥር እነሣለሁ። ወስኛለሁ።

የልጁ ክርስትና በአርባ ቀኑ ነው። ደጃቸውን አብረሽኝ እንድትረግጪ እፈልጋለሁ። ከሩቅ ሆኜ አልጠራሽም፤ ጎንደር ድረስ መጥቼ እወስድሻለሁ።

እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅሽ። የወንድማችንን ነፍስ እግዚአብሔር ያሳርፍልን።

የቀረሽ ወንድምሽ