የገስግስ መርዶ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአድማሱ፤

እንዴት ሰንብተሃል ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስ የማይመጣበትን ጥያቄ መጠየቅ ድሮም አልወድም። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል፤ ፍትሐቱ ደርሷል፣ ድሃው በልቷል፣ ጠላውም አልቀጠነም። በዚህ በኩል ቅር የሚልህ ነገር የለም። በሌላው በኩል ግን አለ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተብሎ ነው። አንተ ዘንድ የምልከው ዘመድ ስለሌለኝ በቀጥታ እነግርሃለሁ፤ ፈረስህ ገስግስ ሞተ። የሞተው በዚያው በሙት ዓመት ተዝካርህ ቀን ነው። የገደሉትም የሚወዱህ ሰዎች ናቸው።

ወንድምህ አስረስ ገና ዳሱ ተጥሎ ሳያልቅ፣ «የአድማሱ ተዝካር ያለ ገስግስ ምን ወግ አለው?» ብሎ ፈረሱን የክብር ግላሱን አልብሶ ዳሱ በር ላይ አሰረው። ይቁም አልኩ፤ ግን ማንም ምንም እንዳያቀምሰው ደጋግሜ ተናገርኩ። ክፍል ሙሉ ልጅ በዓይኔ ጸጥ ሳሰኝ የኖርኩ መምህርት፣ ያን ቀን ሰሚ አጣሁ። ተዝካርተኛው በልቶ ሲወጣ ገስግስን ያያል፤ ሲያየው አንተ ትታወሰዋለህ፤ ያን ጊዜ እጁን ወደ ንፍሮው ይሰዳል። አንዲቷን ጎረቤት ሽምብራ በጭብጧ ይዛ አገኘኋት። «ምነው እትዬ፣ አድማሱን ያጎረስኩ መስሎኝ ነው» አለችኝ። በሕይወት ሳለ ለምን አላጎረስሽውም አልኳት። ፊቴን ዞር ሳደርግ እህትህ ጥሩዬ ጠላ በጣሳ ይዛ ቆማለች፤ «ገስግስ ሲያሸንፍ ጠላ ይወድ ነበር» ትላለች።

ይህን ሁሉ ያስለመድከው አንተ ነህ። ከይጁቤ ገበያ ጎትተህ ስታመጣው የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውርንጭላ ነበር፤ «አድማሱ ፈረስ ገዛ ወይስ አጥር?» ተብሎ ተሳቀብህ። ካደገ በኋላ ግን በጥምቀት ሜዳ የሌላ ፈረስ ጭራ ከፊቱ አይቶ አያውቅም። አንዴ አንተን መንገድ ላይ ጥሎህ እንኳ ብቻውን ቀድሞ ደረሰ፤ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ አጠገብህ ቆመ። አንተም ያበጠ እግርህን እየጎተትክ ድሉ ይያዝልኝ ብለህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትሟገት ዋልክ። ባሸነፈ ቁጥር ለሕዝብ ትለቀዋለህ፤ ሁሉም ከእጁ ገብስ ያቀምሰዋል። ፈረስ በሰዓቱ፣ ከገንዳው፣ ከአንድ ሰው እጅ ነው የሚበላው ብልህ፣ «ሰው ያላቀመሰው ፈረስ የሰው አይሆንም» አልከኝ። የሰው ሆነልህ። እምቢ ማለትን ግን ሳይማር ቀረ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ማለዳ ማለዳ ወደ ሜዳው የማወጣው እኔ ነበርኩ። ጎረምሶች ሊይዙት የሚያቅታቸው ፈረስ ከእኔ ጉልበት ጋር እኩል ይራመድ ነበር። ስቆም ይቆማል፤ ስነሳ ይነሳል። አላስተማርኩትም። በዚህ ቤት ሳይነገረው የገባው እሱ ብቻ ነበር።

ከቀትር በኋላ አንገቱን ወደ ሆዱ እያዞረ መሬቱን በኮቴው መቧጠጥ ጀመረ። ሆዱ ተነፋ፣ ላብ አጠመቀው። የእንስሳት ሐኪሙ ከደብረ ማርቆስ በሞተር ሳይክል ደርሶ «ምን በላ?» ሲል ሁሉም «እኔ አንድ ጭብጥ ብቻ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንዱም አልዋሸም። ሐኪሙ ዳሱን ዳር እስከ ዳር ተመለከተና «ስንት ሰው ነው የተጠራው?» አለ። መርፌ ወጋው፤ እንዳይተኛ አዙሩት አለን። ጎረምሶቹ በየተራ አዞሩት። እኔም ልጓሙን ያዝኩ። መተኛት እየፈለገ፣ ስስበው ግን ይከተለኝ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉልበቱ ከዳው፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ጥሩዬ ደረቷን እየመታች «አድማሱ ዛሬ ሞተ» ብላ አለቀሰች። እኔ አንተ የሞትክበትን ቀን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ወንዶቹ ለጅብ አይጣልም ብለው ሜዳው ዳር ጉድጓድ ቆፈሩ። አታብሉት ሲባል ያልሰማ ሁሉ፣ ቆፍሩ ሲባል ግን አንድም የቀረ የለም።

ከዚያ ወዲህ በሬን ዘግቻለሁ። አስረስ ሽማግሌ ቢልክ መለስኳቸው። ሌላ ውርንጭላ ገዝቶ ገስግስ ብሎ ሊጠራው እንዳሰበም ሰምቻለሁ፤ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። ጥሩዬ በየማለዳው ከአጥሩ ውጭ ቆማ «እትዬ፣ አሉ?» ትላለች። አለሁ እላለሁ። ትሄዳለች። አንተ ብትኖር እንደ ልማድህ ከእነሱ ወግነህ «ክፈቺላት፣ ይብቃት» ትለኝ ነበር። ክፉ ሰው ገድሎት ቢሆን የምጠላው አላጣም ነበር። ወድዶ የገደለውን ሰው መቆጣት ግን እንዴት እንደሚያደክም አታውቅም።

ነገ ስትመጣ እከፍትላታለሁ። ደክሞኝ ነው እንጂ ይቅር ብዬ አይደለም፤ ይቅርታው በራሱ ጊዜ ይመጣ እንደሆን እንጃ። ማለዳ ማለዳ ብቻዬንም ቢሆን ወደ ሜዳው እወጣለሁ፤ እዚያ እሱንም አንተንም አስባችኋለሁ። በቁጣ ነው የምታስቢን ብለህ እንዳትከፋ፤ በሌላ መንገድ አልችልበትም።

ባለቤትህ አስካለ